እንጀራ እናት ስድብ ከሆነ፣ ባልንጀራ ምን ሊባል ነው?

ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ነበርና ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ወያላው መልስ አዘገየ። ከኋላ የተቀመጠች ወጣት አንዴ ጠየቀችው፣ ሁለቴ ጠየቀችው፣ በሦስተኛው ትዕግሥቷ አለቀና «ድሮስ እንጀራ እናት ያሳደገችው ምን ሥርዓት ያውቃል!» አለችው።

ታክሲው ሳቀ። ወያላው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። በጣቶቹ መካከል ካጠፋቸው ብሮች መልሷን ቆጥሮ እየሰጣት፣ «ልክ ነሽ፣ እንጀራ እናት ናት ያሳደገችኝ። የወለደችኝንማ እግዜር ዕድሜ አልሰጣትም። እንጀራ እናቴ ባትኖር ዛሬ መልስ የሚያዘገይብሽም ሰው አይኖርም ነበር» አላት።

ሳቁ ተቆረጠ። ከዚያ እስከ ሳሪስ ድረስ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ብዙ ሰው ተረብ ማለት ማሳቅ ብቻ ይመስለዋል። የተረብ ቁም ነገሩ ግን የተወረወረብህን ቃል ከአየር ላይ ቀልበህ፣ አገላብጠህ አይተህ፣ በትክክለኛው ፊቱ መልሰህ ማስረከብ ነው። ያ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንጀራ እናት ያሳደገችኝ ነኝ። ስለዚህ ቃሉን ከእሱ እጅ ተቀብዬ፣ እንደ ድንጋይ ለሚወረውሩት ሁሉ በየተራ መልስ እሰጣለሁ።

«እንጀራ እናት የተባለችው ለእንጀራዋ ብላ ስለገባች ነው» የሚሉ አሉ።

መልስ፦ እሺ፣ «እንጀራ አባት»ስ? ሁለት ልጅ ያላትን ሴት አግብቶ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የተሸከመ ሰው ለማን እንጀራ ብሎ ነው የገባው? «የእንጀራ ልጅ»ስ? የስድስት ዓመት ሕፃን ተሰልፎ የገባበት የትኛው ቤት አለ? ስሙ ለሦስቱም አንድ የሆነው አንዱ ከሌላው ስለወሰደ አይደለም፤ ሦስቱም ከአንድ ሞሰብ ስለበሉ ነው።

አማርኛ ዝምድናን የሚሰይመው ሰው ለሰው በሰጠው ነገር ነው። ጡት አጥብታ ካሳደገችው «የጡት ልጅ» ይባላል። ቅድመ አያቶቻችን ይህን ስም ከማጥባትም አሳልፈው ወንድ ባላባትን ሳይቀር «የጡት አባት» ይሉት ነበር፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሥጋ ሳይሆን ስለተሰጠው አደራ ነውና። ከጥምቀት ውሃ ከተቀበለው «የክርስትና ልጅ»፣ ኃጢአቱን ሰምቶ ከመከረው «የንስሐ ልጅ» ይለዋል። ከኦሮምኛ «ማሳደግ» ከሚለው ሥር የመጣው «ጉዲፈቻ»ም፣ ከራሱ ከአማርኛው «ማደግ» የወጣው «ማደጎ»ም የሚቆጥሩት ማሳደግን ነው። በዚህ ሰልፍ ውስጥ «የእንጀራ ልጅ» ማለት «እንጀራ የተሰጠው ልጅ» ማለት ነው። ጡት፣ ጥምቀት፣ ንስሐ፣ እንጀራ! ከእነዚህ አራት ስጦታዎች መካከል ስድብ የሚሆነው የትኛው ነው?

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። «ባልንጀራ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። ባለ እንጀራ። አብሮ የሚቆርስ፣ ከአንድ ትሪ የሚበላ ማለት ነው። ይህን ስም ለምትወዱት ሰው ትሰጡታላችሁ፤ በሠርግ ንግግር፣ በሐዘን ቤት፣ በስብከት ሁሉ ታከብሩታላችሁ። አንድ ቀን ምሳ የጋበዘህ ሰው በእንጀራ ስም ሲከበር፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርስ፣ ምሳና እራት ያቀረበችልህ ሴት በዚያው በእንጀራ ስም የምትሰደብበት ምክንያት ምንድን ነው? እንጀራው አንድ ነው፤ ምጣዱም አንድ ነው። ባልንጀራ ክብር ከሆነ እንጀራ እናትም ክብር ናት። እንጀራ እናት ስድብ ከሆነች ደግሞ ባልንጀራህን ዛሬውኑ ሌላ ስም ፈልግለት።

«እናት ማለት የወለደች ብቻ ናት» የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ይህንን ለአማርኛ ንገሩት፤ እሱ አልሰማም። ግዕዝ እናትን «እም» ይላታል። ከዚህች ከአንዲት ቃል ስንት እናት እንደወጣ እንቁጠር። «እመቤት» የቤት እናት ናት፤ ወልዳ እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም። «እማወራ» ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት፤ መካንም ብትሆን እማወራ ናት። «እማሆይ» ደግሞ ከነጭራሹ ላለመውለድ ቃል የገቡ መነኩሲት ናቸው፤ አገር ሁሉ ግን «እናት ሆይ» እያለ ይጠራቸዋል። ራሱ «ቤተሰብ» የሚለው ቃል የግዕዝ «ቤተ ሰብእ» ነው፤ «የሰዎች ቤት» ማለት ነው። «ቤተ ደም» አላሉትም። አንድ ጣሪያ ሥር ያለውን ሰው ሁሉ አስገብተው ሰየሙት።

«ቢሆንም ያልወለደ አንጀት ጨካኝ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ተረት በተረት ከሆነ፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» የሚልም አለን። ከአንድ ማሕፀን ደግም ክፉም ይወጣል ማለት ነው። ደግነትና ክፋት በማሕፀን ካልተወሰነ፣ ባለመውለድ የሚወሰነው በምን ሒሳብ ነው?

ከተረት ከፍ ብለን እንይ። ሙሴን ከወንዝ ዳር አንሥታ ልጄ ያለችው የፈርዖን ልጅ ናት፤ ያልወለደ አንጀቷ ባይራራ ኖሮ ሕፃኑ በአባቷ ትእዛዝ የሚሞት ነበር። በእስልምና ታሪክም ኡሙ አይመን የምትባለዋን በረካን እናገኛለን። ሐበሻ ናት። የነቢዩ ሙሐመድ እናት አሚና ከመዲና መልስ መንገድ ላይ ስትሞት እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ይዛቸው ወደ መካ የገባችው በረካ ናት። ነቢዩ ከእናታቸው ቀጥላ እናታቸው እሷ እንደሆነች ይናገሩ እንደነበር የእስልምና ሊቃውንት ይተርካሉ። ከዚህ ምድር የወጣች ሴት ያልወለደችውን በማሳደግ በዓለም ታሪክ ስሟ ተጽፎ ሳለ፣ እዚሁ ምድር ላይ ተቀምጦ «ያልወለደ አንጀት» እያሉ መፍረድ አያምርም።

«በተረቱም በፊልሙም ክፉዋ ሁልጊዜ እሷ ናት፤ ያለ ነገር አይወራም» የሚሉኝ ደግሞ አሉ።

መልስ፦ የሚወራው እንዴት እንደተወራ ልንገራችሁ። ለልጆቻችን በቴሌቪዥን የምናሳያቸው የበረዶዋ ልጅ ታሪክና ጫካ ውስጥ ስለተጣሉት የሁለቱ ወንድምና እህት ታሪክ የግሪም ወንድማማቾች ስብስቦች ናቸው። መጽሐፉ በጀርመን አገር በ1812 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲታተም፣ በበረዶዋ ልጅ ላይ የቀናችው ንግሥት የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 ዕትም እንጀራ እናት ተደረገች። ሁለቱን ልጆች ጫካ ውስጥ እንጣላቸው ብላ ባሏን የወተወተችውም መጀመሪያ ላይ የገዛ እናታቸው ነበረች፤ በ1840 ዕትም እንጀራ እናት ሆነች። ክፋቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የክፉዋ ማዕረግ ነው። የእናትነት ስም እንዳይጎድፍ ጥፋቱ ጠበቃ ለሌላት ሴት ተላለፈ። እንግዲህ «ያለ ነገር አይወራም» ለምትሉኝ፣ ነገሩ ይኸው፦ ያላደረገችው ተጽፎባት ነው።

የእኛም ተረቶች ከዚህ አላመለጡም። ልጁን ንፍሮ የምታስቆጥረው፣ ከብት ጥበቃ ሰዳ መክሰስ የምትነሳው፣ በእሳት ዳር ለራሷ ልጅ ወፍራሙን ለሌላው ቀጭኑን የምትቆርሰው እሷ ናት። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በእነዚህ ተረቶች ሁሉ ውስጥ አባትየው የት ነበር? ቤቱ የእሱ ነው፣ ልጁ የእሱ ነው፣ ሚስቲቱን ያመጣው እሱ ነው። ልጁ ሲራብ በዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይበላ ነበር። በጀርመኑ ተረት ልጆቹ ወደ ጫካ ሲወሰዱ እሱም አብሮ ሄዷል፤ በመጨረሻም ልጆቹ ተመልሰው አቅፈውት ተረቱ ያልቃል። ዝም ላለው አባት አማርኛ እስከ ዛሬ ስድብ አላወጣም። ለወለደው ሰው ዝምታ ስም ሳንሰጥ ላልወለደችው ሴት ስሟን ስድብ አደረግንባት።

«ታዲያ ክፉ እንጀራ እናት የለችም ልትዪን ነው?»

መልስ፦ አለች። እጁ ላይ ጠባሳ ይዞ ያደገ ልጅ አውቃለሁ፤ ትምህርት ቤት ቁርስ ሳይበላ እየመጣ ከእኔ ምሳ ዕቃ የበላ የክፍል ጓደኛም ነበረኝ። ያቺን ሴት የምትገልጸው ቃል ግን ከጥንትም አለ፤ «ጨካኝ» ነው። ሌባ ቄስ ሲገኝ «ሌባ» እንለዋለን እንጂ «ቄስ» የሚለውን ቃል ስድብ አናደርገውም። ሐሰተኛ ዳኛ ሲገኝ «ሐሰተኛ» እንለዋለን፤ «ዳኛ ያሳደገው» ብለን ልጁን አንሰድብም። ለጨካኟ ስሟን ስጧት፤ ለደጓም ስሟን መልሱላት። አለበለዚያ ያንን የተራበ ልጅም አልረዳነውም። የተገፋበት ቤት «እንጀራ እናት ያው እንጀራ እናት ናት» ተብሎ ሲታለፍ፣ ጎረቤት ገብቶ መጠየቅ ያለበትን ሳይጠይቅ ይቀራል። ቃሉ ስድብ በሆነ ቁጥር በደሉ የተለመደ ይሆናል።

«እኛ እኮ እንደ እንጀራ ልጅ ታየን» የሚል አቤቱታስ? በስብሰባ ላይ፣ በኳስ ሜዳ፣ በበጀት ክርክር ትሰሙታላችሁ።

መልስ፦ ተበድላችሁ ከሆነ «ተገፋን» በሉ፣ «ተረሳን» በሉ፣ «ድርሻችን ቀረብን» በሉ። አማርኛ የበደል ቃል አልቸገረውም። ይህን አባባል የምትናገሩበት አዳራሽ ውስጥ ሻይ የምታዞረው ሴት እንጀራ እናት ልትሆን ትችላለች። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የሚሰማችሁ የስምንት ዓመት ልጅም የእንጀራ ልጅ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ ገና አባቱ አዲስ ሚስት ባመጡ ሳምንት፣ ሴትየዋ ገና አፏን ሳትፈታ፣ እንደማትወደው ከእናንተ ተምሯል። እሷም ቤቱን ስትረግጥ በፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት የእናንተ ሥራ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ ይህኛው ወለምታ ደግሞ የሚያሳምመው የተናገረውን አይደለም።

«እንግዲያው ስሙ ራሱ ይቀየር፤ ስቴፕማዘር እንበላት፣ የሠለጠነ ነው» ያለችኝ ከውጭ አገር የመጣች ጓደኛዬ ናት። በቅን ልቦና ነው ያለችው፤ ልጆቿም እዚያ የሚጠሩት በዚህ ነው።

መልስ፦ «ስቴፕ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሚያመለክተው ወላጅ የሞተበትን፣ የተጎዳውን ነው። የሙት ልጅ እናት እንደማለት ነው፤ ስሙ የሚያስታውሰው የጎደለውን ነው። ፈረንሳይኛ «ቤል ሜር» ይላታል፤ «ቆንጆ እናት» ማለት ነው፣ ግን አማትንም በዚያው ስም ይጠራታል። ትግርኛ «ሰበይቲ ኣቦ»፣ ዓረብኛም «ዘውጀት አል አብ» ይሏታል፤ ሁለቱም «የአባት ሚስት» ማለት ናቸው። እውነት ነው፣ የአባት ሚስት ናት፤ ግን በዚህ ስም ውስጥ ልጁ የለም። ኦሮምኛ እንደ አማርኛ «ሃዸ ቡዴና» ይላታል፣ የእንጀራ እናት። በእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ስሟ ስለ ጎደለው አይናገርም፣ ስለ መልኳ አይናገርም፣ ከአባትየው ጋር ስላላት ነገርም አይናገርም። ለልጁ ምን እንዳደረገች ይናገራል። ይህን የመሰለ ስም በእጃችን ይዘን የምንበደረው ለምንድን ነው? ስሙ ደህና ነው፤ የታመመው አጠራራችን ነው።

ደግሞስ እንጀራን የሚያህል ቃል ከየት ይመጣል? ሰው ሥራ ሲያገኝ «እንጀራ ወጣለት» እንላለን። ሥራውን ሲያሳጡት «የእንጀራ ገመዱን በጠሱት» እንላለን። እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ «ለእንጀራ ነው» ይላሉ። እዚያ ሄደውም ያልወለዷቸውን ልጆች ያበላሉ፣ ያስተኛሉ፤ የወለዷቸውን ደግሞ እዚህ አያት ወይ አክስት ታጎርስላቸዋለች። ለእኛ እንጀራ ማለት መብል ብቻ ሳይሆን መኖር ነው። «እንጀራ እናት» ስንል «የመኖሬ እናት» እያልን ነው።

የሥራውንም ልክ ቆጥሬ ልናገር። ጤፉ ይለቀማል፣ ይፈጫል። ሊጡ ይቦካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ የጠለለው ውሃ ይደፋል፣ አብሲት ይጣላል። ከዚያ ምጣዱ ይጣዳል፣ ይታሰሳል፤ በጭስ መካከል ዓይንን እየጠረጉ አንድ በአንድ ይወጣል። እንጀራ እናቴ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ጋገረች ብለን እናስላ። ከስድስት ዓመቴ እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመቴ 1,248 ጊዜ ምጣድ ፊት ተቀምጣለች። የወለደችኝን እናቴን በዚህ አላሳንሳትም፤ ለእኔ ያላትን ሁሉ ሰጥታኝ ነው የሄደችው። ግን 1,248 ጊዜ የተሰጠ ነገር ስም ሊኖረው ይገባል። ስሙም አለው። የዚያን ምጣድ እንጀራ በልቶ አድጎ ስሟን ስድብ የሚያደርግ ሰው አማርኛ «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» ይለዋል።

አሁን ደግሞ ቢሮ ውስጥ ወደገጠመኝ ልለፍ። እንጀራ እናቴን፣ «እትዬ» እያልኩ የምጠራትን፣ የቀበርኳት በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። የሐዘን ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። የፈቃድ ሠራተኛው ማኅደሬን ገልጦ፣ «እህቴ፣ እናትሽ በልጅነትሽ እንደሞቱ እዚህ ሞልተሻል። ሰው እኮ ሁለት ጊዜ እናት አይሞትበትም» አለኝ።

«ሁለት እናት የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ ይሞትበታል። ቅጹ አንድ መስመር ስላለው ሐዘኔ አንድ አይሆንም» አልኩት።

«እንጀራ እናት ናቸዋ!»

«እኔስ ማን አልኩህ?»

ሕጉን አስወጥተን አነበብን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ በሥጋም ሆነ በጋብቻ እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የአባቴ ሚስት ለእኔ በጋብቻ የመጀመሪያ ደረጃ ዘመድ ናት። አንብቦ ሲጨርስ ፈረመ፤ «ነፍስ ይማር» ብሎም ብድግ አለልኝ። ይህን የምጽፈው እሱን ለመክሰስ አይደለም። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት እንባዋን ይዛ የምትቆም አንዲት ልጅ፣ የአዋጁን ቁጥር ይዛ እንድትቆም ነው።

ሕጉ በሌላም ቦታ ያውቃታል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በቀጥታ መስመር በጋብቻ የተዛመዱ ሰዎችን እንደ ሥጋ ዘመድ እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ ከዚያም አልፎ አንዱ ሲቸገር ሌላው ቀለብ እንዲሰጠው ያዛል። ቀለብ! ሕግ አውጪው በራሱ ቋንቋ ሄዶ ሄዶ የደረሰው እዚያው ሞሰቡ ጋ ነው። ውርስን በተመለከተ ግን ኑዛዜ ከሌለ የእንጀራ ልጅ ወራሽ አይደለም። እትዬ ይህን ታውቅ ነበር። ከእኔ የምትወርሰው፣ እኔም ከእሷ የምወርሰው እንደሌለ እያወቀች ነው ያጎረሰችኝ። ውርስ የሌለበት ጉርሻ ከምን እንደሚመጣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ከእናትነት።

ዕድሩ ግን አላከራከረኝም። ድንኳኑ ሲተከል ጸሐፊው «ሟች ለአመልካች ምን ትሆናለች?» የሚለው ክፍት ቦታ ላይ እስክሪብቶውን አቁሞ ቀና ሲል፣ ከሴቶቹ መካከል ሽሮ ስታማስል የነበረች ጎረቤታችን፣ «ምን ትጠይቃታለህ፣ እናት ብለህ ጻፍ! በዚህ ሰፈር ያን ሁሉ ዓመት ይህችን ልጅ እያጠበች ትምህርት ቤት ስትሸኝ ዓይንህ የት ነበር?» አለችው። ጻፈ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ያጸናናኝ ይህ ነው። አብረዋት የጋገሩ ሴቶች ማን ምን እንደሆነች ከመዝገቡ በፊት ያውቃሉ።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ ነገር ነገረችኝ። እናቴ ከሞተች በኋላ ለሰባት ወር እኛ ቤት እየመጣች የምትጋግርልን እሷ ነበረች፤ ከእናቴ ቡሃቃ ባገኘችው እርሾ። እርሾ መቼም ከሊጥ ወደ ሊጥ የሚሄድ ነው፤ ከዛሬው ለነገው ይቀመጣል፣ የነገው ለተነገ ወዲያው። እትዬ ሙሽራ ሆና የገባች ሳምንት አክስቴ ቡሃቃውን ልታጥብላት ብድግ አለች። አዲስ ሴት በአዲስ እርሾ ትጀምር ብላ ነው። እትዬ እጇን ያዘቻትና፣ «ተዪው። ልጅቱ የለመደችው ጣዕም የእናቷ ነው» አለቻት። በዚያው እርሾ አቦካች። 1,248 ጊዜ የበላሁት እንጀራ የሁለት እናቶች ነበር፤ አንዷ ጀመረችው፣ ሌላዋ እንዳይቋረጥ ጠበቀችው። እትዬ ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ «እንጀራ እናት ያሳደገችው» ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አቃተኝ።

የታክሲውን ነገር ግን ሳልጨርስ ቀርቻለሁ። ሳሪስ ስንደርስ ያቺ ወጣት ለመውረድ ስትጠጋ በሩ ላይ ቆም አለች። ወያላው ክፍቱን በር ደግፎ ወደ ውጭ ያያል። «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አለችው። እሱም «ምንም አይደል» ብሎ እንድትወርድ እጁን ዘረጋላት።

ይህ «ወንድም» የምንለው ቃል፣ ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱን፣ «ወልደ እም» ከሚለው የግዕዝ ሐረግ የመጣ ነው። የእናት ልጅ ማለት ነው። ስትሳፈር እናት የነሳችውን ሰው፣ ስትወርድ የእናት ልጅ ብላው ወረደች።